በማርያም ቀን የጮኸ ሞተር

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሆነህ መጣህብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ቅጽ ጭንህ ላይ ዘርግተህ ትጠይቀኛለህ። ስም፣ እታገኝ። የሥራ ዓይነት፣ የሞተር ወፍጮ። ቦታ፣ ሰቆጣ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። «ሥራው ሲጀመር ያጋጠመ ችግር» ስትል ግን ብዕርህን አስቀምጥ አልኩህ። ናፍጣ ከኮረም በአህያ ስለሚመጣ ብለህ ጻፍና እለፍ። የቀረውን ለአንተ ለአማረ እነግርሃለሁ እንጂ ለወረቀትህ አልነግርም። ከጎንደር የመጣህ እንግዳ ነህ፤ ዘመድ የለህ፣ እኔን የምታማለት ሰው የለህ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴ ግን የፈጀው እኔኑ ነው።

ባሌ ሙላው የጨው ነጋዴ ነበር። ሲሞት አምስት በቅሎና አንድ ባዶ ቤት ተወልኝ፤ ልጅ አልነበረንም። ዘመድ ሁሉ ባል አግቢ ይለኝ ጀመር። እኔ ግን በቅሎዎቹን ሸጬ ሞተር አዘዝኩ። አበደች አሉ። አላበድኩም፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ስታረጅ አይቻለሁ። ጉልበቷ እንደ ግመል ጉልበት ጠጥሮ ነበር፤ ስትሞት እንኳ እግሯ አልዘረጋ ብሎን በግድ ነው የገነዝናት። ይህ ሁሉ ሴት ለእህሉ ሲል ወደኔ ይመጣል ብዬ አሰብኩ፤ አልተሳሳትኩም።

ሞተሩ እስከ ኮረም በመኪና መጣ። ከዚያ ወዲህ ያኔም የመኪና መንገድ አልነበረም፤ በቅሎም አይችለው። ተሸክመው ያመጡልኝ የወይራ አምባ ሰዎች ናቸው። ወይራ አምባ ያቺ ከከተማው በላይ አፋፉ ላይ የምትታይህ መንደር ናት። ሃያ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ፣ በወፍራም አጣና አንጠልጥሎ፣ የፅላሬን ወንዝ አሻግሮ፣ በስምንተኛው ቀን እዚህ ደጅ አወረደልኝ። ሰዎቹን ለምና ያስማማችልኝ ይታየሽ ነበረች። ይታየሽ አብሮ አደጌ ናት፤ አንድ ግቢ ተወልደን፣ በኽምጣኛ አፋችንን ፈትተን፣ አማርኛን አብረን ነው የተማርነው። እሷ ወይራ አምባ አስማረ የሚባል ገበሬ አገባች፤ አስማረም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ወንዙ ድረስ በሶና ጠላ ይዛ ወርዳ ተቀበለቻቸው። ለእኔ ብላ ነው፣ ለሌላ ለማንም አይደለም።

ወፍጮ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ የሚበላ ይመስላችኋል፣ እናንተ የቢሮ ሰዎች። ድንጋዩ በየሳምንቱ ይወቀራል። ናፍጣው መንገድ ላይ ይፈሳል፤ አህያ ነጂው ፀሐይ ጠጣው ይልሃል። አንዷ ዱቄቴ ተቀላቀለ ትላለች፣ አንዷ ናፍጣ ናፍጣ ይላል ትላለች። ወንዱ ደግሞ ሞተር የፈጨው በረከት የለውም፣ ሴትም ካልፈጨች እግሯ ይረዝማል ይላል። ሁሉንም ቻልኩት። በሦስተኛው ዓመት ሩቅ ያለው የደሃና ወረዳ ሰው ሳይቀር በአህያ ጭኖ ይመጣልኝ ነበር፤ በገበያ ቀን ሰልፉ እስከ ዋርካው ይደርስ ነበር።

ከዚያ በሃምሳ ሰባት ነሐሴ ሞተሩ ቀጥ አለ። በክረምት ማን ይመጣልኛል። ሴቶቹ ወደ እጅ ወፍጯቸው ተመለሱ፤ ሲመለሱም እኔን እየረገሙ ነው። አንዴ ካስለመድካቸው በኋላ ስትነሳቸው ጠላት ነህ። ወደ ኮረም መልእክት በመልእክት ላይ ላክሁ። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ምትኩ የሚባል የደሴ መካኒክ ከነጋዴዎች ጋር ተጠግቶ መጣ። ሁለት ቀን ፈታ፣ ገጠመ። የጨረሰው መስከረም ሃያ አንድ ጠዋት ነው። መስከረም ሃያ አንድ ማርያም ናት።

ነጋዴዎቹ ያንኑ ቀን ሊነሱ ነው። ምትኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ሲሠራ ሳልሰማው ብሄድ መንገድ ሳልጀምር ይቆማል። ተመልሼ የምመጣው ደግሞ ከጥር በኋላ ነው» አለኝ።

«ዛሬ ማርያም ናት» አልኩት። «የመስከረሟ። ሰው እንጨት እንኳ አይፈልጥም።»

«እህል አናስገባም። ቺንጋውንም አወልቀዋለሁ። ሞተሩን ብቻ ላስነሳው።»

ቺንጋ ማለት ያ ሰፊ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ድንጋዩ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ምትኩ አወለቀና ግድግዳው ላይ፣ እዚያ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። እኔም አሰብኩ። በዓል የሚሻረው በሥራ ነው። ድንጋዩ ካልዞረ ሥራ የለም። ጩኸት ከሆነ ደግሞ በማርያም ቀን ከበሮስ ይመታ የለ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩና አስነሳው አልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው እኮ።

ሞተሩ እየጮኸ ሳለ ይታየሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገባች። ልጇን ደብሬን አዝላለች፤ ደብሬ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ጩኸቱን ፈርታ ፊቷን እናቷ ጀርባ ላይ ቀበረች። «ዛሬ ደግሞ ምን ይፈጫል?» አለች ይታየሽ፣ ደንግጣ። ቺንጋውን አሳየኋት። ሄዳ በእጇ ነካችው፤ ድንጋዩንም ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። «ባዶ ሆዱን ነው የሚጮኸው በይኛ» ብላ ሳቀች። አሥር አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ ቢሠራ ነው። ከዚያ ምትኩ አጠፋው፤ ዕቃውን ጠቅልሎም ከነጋዴዎቹ ጋር ሄደ።

የእጅ ወፍጮ ምስጢር ይጠብቃል። በበዓል ቀን በሯን ዘግታ እፍኝ እህል የፈጨች ሴት ሞልታለች፤ አውቃቸዋለሁ፣ ስማቸውን ልጥራልህ እችላለሁ። ሞተር ግን አፉን ከፍቶ ለአገሩ ሁሉ ይናገራል። ያን ቀን ወይራ አምባ ድረስ ተሰማ። እህል ይኑር አይኑር፣ ቺንጋ ይኑር አይኑር፣ ጩኸት አይናገርም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ሰቆጣ ላይ ጠብታ ነው የነካን። ወይራ አምባ ላይ ግን እሸት የያዘውን ገብስ ከመሬት ጋር ለጠፈው። የሌላውን መንደር ሳይነካ የነሱን ብቻ መርጦ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ መጡ። ያው ሞተሬን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው። አልጮኹም፣ ዱላም አላነሱም። እያንዳንዱ አንዳንድ እቅፍ የተቀጠቀጠ ገብስ ይዞ ነበርና በየተራ እየመጣ ደጄ ላይ አስቀመጠው። ጭቃ ሹማቸው አያ ምንዋጋው በምርኩዙ ቆመና፣

«እታገኝ፣ በማርያም ቀን ፈጭተሻል?» አለኝ።

«አልፈጨሁም፣ አያ ምንዋጋው። የሰማችሁት ሞተሩን ብቻ ነው። ድንጋዩ አልዞረም።»

«ሞተሩ የአንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ሰምተናል።»

አስማረ መጨረሻ ላይ ገብሱን አስቀመጠ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እኛው በትከሻችን ተሸክመን ነው ያመጣነው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቹ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት እንዳይጫርላት ተባለ። ከኔ ዘንድ ያስፈጨ ሰው ተረግሟል። ሰላምታ የለም፤ ገበያ ወጥቼ በርበሬ ስጠይቅ የሴትዮዋ ዓይን በላዬ ላይ አልፎ ይሄዳል።

ስለኔ አፏን የከፈተች አንዲት ሰው ይታየሽ ብቻ ናት። የመንደሬ ሰው እኔን ያምነኝ ይሆናል ብላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። ቺንጋው ተሰቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ድንጋዩን በእጄ ዳስሻለሁ አለች። ማይ አሏት። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ፣ «ዋሽቼ እንደሆነ ማርያም ደብሬን ትንሳኝ» አለች። ማን እንዲህ በይ አላት። ባሏ አስማረ አንገቱን ደፋ። ከሽማግሌዎቹ ግን ግማሹ ልቡ ሸፈተ፤ በልጇ የማለችን ሴት እንዴት አናምንም አሉ። ትንሽ ብታገስ ኖሮ፣ ምናልባት፣ ነገሩ በራሱ ይበርድ ነበር። ይኸንን ዛሬ ነው የማውቀው።

ያኔ ግን ሁለት ወር ሊሞላ ነበር። ሞተሩ ዝም፣ ድንጋዩ ዝም። አይጥ ቺንጋውን ትበላ ጀመረች። በቅሎዎቼ የሉ፤ ባል የለ፤ ያለኝ ሁሉ ይኸ ብረት ነው። ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ በጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ እንደ አስከሬን። የነፍስ አባቴ መምሬ ካሳ በኅዳር አጋማሽ መጡ። ቁጭ አሉና፣

«ልጄ፣ ፈጭቻለሁ በይና ይለቅልሽ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሳልፈጭ?»

«አውቃለሁ። ግን ቺንጋ ምን እንደሆነ ለዚህ ሁሉ ባላገር ማን ያስረዳል? በረዶውን የጣለ ሰው ካላገኙ አያርፉም። አጥፍቻለሁ ማሩኝ ካልሽ ግን ይምሩሻል። ቀኖና እሰጥሻለሁ፤ ወፍጮውን ጠበል እረጨዋለሁ፤ በሳምንቱ ሰልፉ ይመለሳል።»

«ይታየሽስ? በልጇ ምላለች እኮ፣ እርስዎም ሰምተዋል።»

መምሬ ካሳ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡት። «ሴት ናት፤ ተሳስታ ነው እንላለን። ሰው ይረሳል» አሉኝ።

ሰው ይረሳል። እኔም ለራሴ እንዲሁ አልኩ። ባላገር ምኑን ይረሳል፣ የአያቱን ድንበር ድንጋይ የማይረሳ ሰው። አውቄው ነው ያላወቅሁ የመሰልኩት፤ ወፍጮዬን ፈልጌ ነው። ይኸን ያለ ማንም ግፊት እነግርሃለሁ፣ መምሬ ካሳ አላስገደዱኝም።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ እንደገና ማርያም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆምኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል፤ መምሬ ለኔ መጅ ነው ያዘዙልኝ፣ ያ የእጅ ወፍጮ ላይኛው ድንጋይ። የእናቴን መጅ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ «በማርያም ቀን ፈጭቻለሁ፤ ስለ ማርያም ማሩኝ» አልኩ። ሦስት ጊዜ። አያ ምንዋጋው፣ «እግዜር ይማርሽ» አለ፤ ሰዉ ተቀብሎ ይማርሽ፣ ይማርሽ አለ። መጁን ከአንገቴ ያወረዱልኝ ሁለት የወይራ አምባ ሰዎች ናቸው። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ቀና ስል ይታየሽን አየኋት። ደብሬን አዝላ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግራ ገብቷት ብቻ ታየኛለች፣ የሰማችውን ያልሰማች ይመስል። ከአጠገቧ የነበሩት ሴቶች አንድ አንድ እርምጃ ራቁ። የልጇን ጭንቅላት በነጠላዋ ሸፈነችና ሄደች።

ሰልፉ ተመለሰ። መምሬ እንዳሉት በሳምንቱ። የመጣው ሁሉ በደስታ ያዋራኛል፤ ጥፋት ያመነ ሰው ይወደዳል። ከወይራ አምባ ብቻ ማንም አልመጣም፤ የሚፈጩት አልነበራቸውም።

የሃምሳ ስምንቱን ረሃብ አባትህ ነግሮህ ይሆናል። በልጉ ቀረ። ከብቱ አለቀ። ወይራ አምባ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ባዶ ጎተራ ይዞ ነው ረሃቡ ውስጥ የገባው። ሰው ቅጠልና ሥር እየለቀመ ይኖር ጀመር። እኔ አልተራብኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰልፉ አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ የከተማው ሰው ትንሽ ትንሽ ያገኛል፣ ከሚፈጨውም ለወፍጮው ይተዋል። እኔ በዚያ በላሁ።

ደብሬ በሰኔ ሞተች። በዚያ ወር ወይራ አምባ ላይ አሥራ ሰባት ልጅ ተቀብሯል። አሥራ ስድስቱን ረሃብ ገደላቸው አሉ። ደብሬን ግን የእናቷ መሐላ ገደላት አሉ። በልጇ በሐሰት ማለች፣ ማርያምም ሰማቻት። አስማረ ከቀብር መልስ ደጁን ዘጋባት፤ ልጄን የበላች ሴት ከቤቴ አትገባም አለ።

ወደኔ መጣች። ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ስድስት ሴቶች እፍኝ እፍኝ እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ሰውነቷ እንጨት ሆኖ ነበር፤ በድምጿ ነው የለየኋት። ሞተሩን አቀዘቀዝኩት። ቁና ሙሉ ዱቄት ሰፍሬ ከፊቷ አስቀመጥኩ። አላየችውም።

«ለእህል አልመጣሁም» አለችኝ። «እታገኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ቺንጋው ግድግዳ ላይ ነበር በይልኝ። ለአገሩ አይደለም። አስማረን ጠርተሽ ለሱ ብቻ ንገሪው። ልጄን እኔ እንዳልገደልኳት ይወቅ።»

ስድስቱ ሴቶች ያደምጣሉ። አሰብኩ። አዎ ነበረ ካልኩ፣ በመስቀል ፊት የዋሸሁ እኔ ነኝ። ከዚህ በር እስከ ማታ ወሬው ይዞራል፣ ነገ ሰልፍ የለም፤ ሰልፍ ከሌለ ደግሞ በዚያ ዓመት እኔም እንደ ወይራ አምባ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ይኸን ሁሉ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ አሁን ሳወራልህ ነው የረዘመው።

«ይታየሽ፣ እህቴ» አልኳት፣ ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ተሳስተሽ ነው። ቺንጋው ያን ቀን ከሞተሩ ላይ ነበር።»

ግድግዳውን አየች፣ ሚስማሩን። ከዚያ እኔን አየች። ሴቶቹ እንዳይሰሙ ብላ አይደለም፤ ግን በኽምጣኛ ነው የተናገረችኝ፣ ልጆች ሆነን በምንነጋገርበት። «እንግዲያስ ደብሬን እኔው ነኛ የገደልኳት» አለች። ለመጨቃጨቅ አይደለም። ካንቺ ከሰማሁ እውነት ነው የምትል ይመስል ነበር። እኔን አምና ነው የሄደችው፣ ገባህ? በዓይኗ ያየችውን ትታ እኔን አመነች።

ዱቄቱን እዚያው ትታ ወጣች። የኮረምን መንገድ ይዘው ከሚሰደዱት ጋር ስትሄድ ያያት ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። አስማረ ሌላ ሚስት አገባ፤ ሚስቱ እኔ ጋ ነው የምታስፈጨው፣ ደህና ሴት ናት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ንጋቱስ በየቀኑ ይጠራል፣ አያለሁ። ዘንድሮም በስልሳ ስድስት እንደገና ያ ረሃብ መጣ፤ እንደገናም እኔ አልተራብኩም። ጻፍ እንግዲህ። ችግር፣ ናፍጣ። ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል በል፤ እናንተ እንዲህ አይደል የምትሉት።

በየወሩ ሃያ አንድ ቀን ወፍጮው ዝግ ነው፤ ይኸንንም ከፈለግህ ጻፈው። ያን ቀን ብቻዬን እመጣና ቺንጋውን አውልቄ እዚያ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። እስከ ማታ ተሰቅሎ ይውላል። ገብቶ የሚነካው የለም።